ጭማቂ ቤት የጣለውን ዘር ስናበቅል፦ የሀዋሳ 11 ወጣቶችና ደብተራቸው

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ሥራው ተጀመረ። በአላሙራ ተራራ ግርጌ የሚኖሩና ሰፈሩ ሁሉ እማማ እያለ የሚጠራቸው አንዲት እናት፣ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን 10 በ12 ሜትር ጓሮ ለአንድ ዓመት ያለ ኪራይ ፈቀዱልን። በምላሹ የጠየቁት ከሚፈላው ችግኝ 6ቱን እርሳቸው ራሳቸው መርጠው እንዲወስዱ ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 24 ዓመት የሆነ 11 ወጣቶች ተሰባስበዋል። ከመካከላቸው 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ቤት የተቀመጡ፣ ባጃጅ በፈረቃ የሚነዱ፣ ሌሊት በጥበቃ ሥራ የሚያድር አንድ ልጅ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ ሁለት ዓመት ሠርታ የወጣች አንዲት ልጅ ይገኙበታል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ታሪኩ የእነርሱ ነውና ሊናገሩት ሲፈልጉ ራሳቸው ይናገሩታል።

ሥራው ሁለት ገጽታ አለው። በእጅ የሚዳሰሰው የአቮካዶ ችግኝ አፍልቶና አዳቅሎ መሸጥ ነው። ሁለተኛው፣ ችግኙ በሚያድግበት ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ወጣት ለራሱ ግብ ቆርጦ በየሳምንቱ ቅዳሜ እየለካ በደብተሩ ላይ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። ለ19 ዓመታት የእርሻ ትምህርት ሳስተምር ለተማሪዎቼ «ዓላማ ይኑራችሁ» ብዬ የተናገርሁበትን ጊዜ ቁጥር አላውቀውም፤ ዓላማ እንዴት እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚለካ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላሳየኋቸውም። ይህ ሥራ የተወለደው ከዚያ ቁጭት ነው።

ለእያንዳንዳቸው ባለ 50 ሉክ ደብተር ሰጥቼ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚፈልጉትን እንዲጽፉ ጠየቅሁ። አምስቱ «ራሴን መለወጥ» ብለው ጻፉ፤ ሦስቱ «ውጭ አገር መሄድ»፤ ሁለቱ «ሀብታም መሆን»። ስፌት ላይ የነበረችው ልጅ ብቻ እንዲህ ጻፈች፦ «የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈስሳል። 24 ቆርቆሮ ያስፈልጋል።» 24 መሆኑን በምን እንዳወቀች ስጠይቃት፣ «ቤቱ ኮርኒስ የለውም መምህር፤ ዝናብ ሲዘንብ ተኝቼ እየቆጠርኳቸው ነው ያደግሁት» አለችኝ። ከ11ዱ ደብተር ቁጥር የነበረበት ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

ኅዳር 14

ሳምንቱ ዘር በመሰብሰብ አለፈ። በሀዋሳ ጭማቂ ቤቶች በየቀኑ ስፍር ቁጥር የሌለው የአቮካዶ ዘር ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ እኛም ያንኑ ለመጠየቅ ተስማማን። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ፒያሳ አካባቢ ሦስት ቤት ገብተው 90 ዘር ብቻ ይዘው ተመለሱ። ዘሩ ጠፍቶ አልነበረም፤ አብዛኞቹ በር ላይ ቆመው ለመጠየቅ አፍረው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ፣ ማን ምን እንደሚል አስቀድመው እንዲለማመዱ፣ ማዳበሪያ ከረጢቱንም ጠዋት አስቀምጠው ማታ እንዲወስዱ አደረግን። እስከ ትናንት ማታ 640 ደርሰናል። አንዲት የጭማቂ ቤት ባለቤት ከራሳቸው ተነሥተው ዘሩን በውኃ አጥበው ማስቀመጥ ጀምረዋል።

የአቮካዶ ዘር እንደ ስንዴ ወይም እንደ በቆሎ ደርቆ የሚቀመጥ አይደለም። ከደረቀ ይሞታል፤ ስለዚህ ከፍሬው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዘራት አለበት። ይህን ስነግራቸው የጥበቃው ልጅ «እንግዲያው ቀጠሮ የማይሰጥ ዘር ነው» አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሲደጋግሙት ሰነበቱ።

ኅዳር 16

ከ640ው የተሰነጠቀውንና የሻገተውን 70 አስወግደን 570 ዘራን። ከመዝራታችን በፊት ዘሩን በ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አቆየነው። ይህ የሚደረገው ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ከዘሩ ጋር ወደ መደቡ እንዳይገባ ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ግን ዘሩ ራሱ ይቀቀላል። በመሆኑም አንዲት ልጅ ቴርሞ ሜትሩን ይዛ፣ ሌላው እሳቱን እየቀነሰና እየጨመረ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሡ ተቀመጡ። አፈሩን ሦስት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገን ቀላቅለን በፕላስቲክ ቱቦዎች ሞላን። ዘሩ ሰፊው ወገን ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጫፉ ከአፈሩ በትንሹ ብቅ እንዲል ተደርጎ ተተከለ። መደቡን በሰንበሌጥ ጥላ ሸፈንን።

ታኅሣሥ 5

እስካሁን የበቀለ የለም። አቮካዶ ለመብቀል ከወር በላይ ሊወስድ ስለሚችል ይህ የሚያሳስብ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በየቀኑ ባዶ አፈር ማጠጣት ልብ ያደክማል። ይህን ጊዜ ለደብተሩ ሥራ ተጠቀምንበት።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን ምኞት በአራት ጥያቄ መረመርነው፦ ምን? ስንት? እስከ መቼ? ከራሴ ሌላ እሺ ማለት ያለበት ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሦስቱ ይበልጥ ያከራከረንም እርሱ ሆነ። ውጭ አገር መሄድ ከሚፈልጉት አንዱ ዝርዝሩን ሲጽፍ ዘመድ፣ ደላላ፣ ኤምባሲ፣ አየር መንገድ እያለ አንድ ሙሉ ገጽ በሌሎች ሰዎች እሺታ ሞላ። ምኞቱን ሰርዝ አላልሁትም፤ ወጣት አገር ለማየት መመኘቱ ነውር የለበትምና። «ከዚህ ውስጥ የማንንም እሺታ ሳትጠብቅ ነገ ጠዋት ልትጀምረው የምትችለው የቱ ነው?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። ከብዙ ዝምታ በኋላ ጀምሮ ያቋረጠውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝርጋታ ሥልጠና ጨርሶ በግንቦት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ፈተና ለመውሰድ ወሰነ። የትም አገር ቢሄድ፣ እዚህም ቢቀር፣ ሙያው አብሮት ይሄዳል።

ስለ ቀን መቁረጥ ስንነጋገር አንዲት የሲዳማ ልጅ አያቷ የነገሯትን አነሣች። የፊቼ ጨምበላላ በዓል ቀን የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ሌሊት ወጥተው የከዋክብትን አካሄድ ከተመለከቱ በኋላ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ሆኖ መመዝገቡን ሁሉም ያውቃሉ፤ እርሷ ግን የደነቃት ሌላ ነበር። «ቀኑን የሚቆርጡት በመላ አይደለም፤ ወጥተው አይተው ነው» አለች። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ማንም ሰው በደብተሩ ላይ ቀን ሲጽፍ ያንን ቀን ምን አይቶ እንደመረጠ አብሮ ይጽፋል።

ታኅሣሥ 12

ሌላ ገጽ ጨመርን፤ ስሙም «ቢሆን» ተባለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሰው «ይህን አደርጋለሁ» ብቻ ከሚል ይልቅ «እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመኝ ያን ጊዜ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ሲወስን ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ፈተናው በደረሰ ሰዓት እንደ አዲስ መምከር አያስፈልገውምና። ለልጆቹ ይህን ያስረዳሁት በቀላሉ ነው፦ እንቅፋቱን ቀድማችሁ በስሙ ጥሩት፣ መልሱንም ከአጠገቡ ጻፉ።

ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ በሳምንት አምስት ቀን የሚቅመውን ጫት ወደ ሁለት ቀን ለማውረድ ግብ ይዟል። በ«ቢሆን» ገጹ ላይ «ከምሳ በኋላ ጓደኞቼ ቢደውሉ፣ ችግኝ የማጠጣት ተራዬ ነው እላለሁ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም ቃሉ እውነት እንዲሆን ተራው በሳምንት ሦስት ከሰዓት እንዲደረግለት ጠየቀ። ውሸት መናገር ስላልፈለገ ሥራ ጨመረ። ይህን ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ታኅሣሥ 19

4 ዘሮች ተሰንጥቀው ቀይ የሚመስል ጫፍ አውጥተዋል። እማማ ቡና አፈሉ።

ጥር 10

ከ570ው 412 በቅሏል። በዚህ ሳምንት የሰፈሩ ውኃ ለአራት ቀን ጠፋ። እንዲህ ያለው ጊዜ ነው ብዙ ችግኝ ጣቢያ የሚከስረው፤ ለስላሳ ሥር ያለው ችግኝ በጥር ፀሐይ ሁለት ቀን ከተጠማ አያገግምም። ለእኛ የደረሰልን የአንዲት ልጅ ደብተር ነው። ከአንድ ወር በፊት «ውኃ ከአንድ ቀን በላይ ቢጠፋ፣ በባጃጅ ከቦኖ 6 ጀሪካን እናስመጣለን፤ ጠዋት አናጠጣም፣ ማታ ብቻ» ብላ ጽፋ ነበር። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ እኔም ነገሩን የሰማሁት ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው። የደረቁት 9 ችግኞች ብቻ ናቸው።

ጥር 17

ዛሬ የጻፍሁት በራሴ ላይ ነው። የጥበቃው ልጅ ሦስት ጊዜ ተራውን በመቅረቱ በሌሎቹ ፊት «ቃልህን የማታከብር ከሆነ ቦታውን ለሌላ ልቀቅ» ብዬ ተናገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ አንዱን ወጣት ይዤ ቤቱ ስሄድ፣ አብሮት የሚሠራው ሰው ታሞ ለሁለት ሳምንት የሁለት ሰው ሌሊት ሲሠራ መቆየቱን እናቱ ነገሩኝ። ልጁ ተኝቶ ነበር፤ አላስቀሰቀስሁትም። ሳምንት ሙሉ ስለ መለካት ሳስተምር የልጁን ሕይወት ሳልለካ ፈረድሁበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሰው ፊት እንዳዋረድሁት በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቀው ወስኛለሁ።

ጥር 24

ጠየቅሁት፤ መጣም። ተራው ወደ ቅዳሜና እሑድ ተዛወረለት። በዚህ ወር ሁለት ወጣቶች ትተውናል፤ አንዱ ሻሸመኔ ሥራ አግኝቶ፣ ሌላዋ ምክንያቷን ሳትናገር። ደብተራቸውን ወስደዋል። 9 ቀርተናል።

መጋቢት 20

ችግኞቹ የእርሳስ ውፍረት መያዝ ጀምረዋል፤ ስለዚህ ማዳቀል መማር ጀመርን። ከዘር ብቻ የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ከታወቀ ዛፍ ቀንበጥ ተወስዶ የተዳቀለ ግን በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፤ ፍሬውም ቀንበጡ የመጣበትን ዛፍ ፍሬ ይመስላል። ሀስ የሚባለው ዝርያ በገበያ የሚፈለግ በመሆኑና ይርጋለም ላይ የአቮካዶ ዘይት ማምረት ከተጀመረ ወዲህ የአካባቢያችን ገበሬ የተዳቀለ ችግኝ አጥብቆ ስለሚፈልግ፣ እኛም ይህንኑ መረጥን።

አንድ የማዳቀል ባለሙያ ሙሉ ቀን አብሮን ዋለ። ችግኙን ከአፈሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለን በአንድ ምት ቀጥ አድርገን ቆረጥን፤ የተቆረጠውን ጫፍ ከመሃሉ ወደ ታች 3 ሳንቲ ሜትር ሰነጠቅን። የቀንበጡን ታችኛ ጫፍ ከሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ጠርበን በስንጥቁ ውስጥ አስገባን። ምሥጢሩ ያለው ከልጡ ሥር ባለው የጥፍር ውፍረት እንኳ በሌለው አረንጓዴ ሽፋን ላይ ነው፤ የላዩና የታችኛው ሽፋን ቢያንስ በአንድ ወገን ካልገጠሙ ሁለቱ አካላት አይዋሐዱም። ከዚያ በቀጭን ፕላስቲክ ጠበቅ አድርጎ ማሰርና በትንሽ ላስቲክ መሸፈን ይከተላል። ስፌት ላይ የነበረችው ልጅ ቢላዋውን ስትይዝ ባለሙያው ሥራውን አቁሞ ተመለከታት። ሁለት ዓመት ጨርቅ ከጨርቅ ስትገጥም የኖረች እጅ ናት፤ አታመነታም። በ20 የልምምድ ቀንበጥ ላይ አንድም ጊዜ ሽብልቁን አላጣመመችም።

መጋቢት 27

60 ችግኝ አዳቀልን። ግባችን 45 እንዲይዝ ነው።

ሚያዝያ 25

19 ብቻ ያዘ። 41ዱ ቀንበጥ ጠቁሮ ደርቋል።

ዝምታው ከባድ ነበር። አንዱ «እኛ ለዚህ አልተፈጠርንም» አለ፤ ይህን ቃል በዚህ ከተማ ከስንት ወጣት አፍ እንደሰማሁት ሳስበው ያመኛል። በዚያን ሰዓት የሀስን ታሪክ ነገርኋቸው። ሩዶልፍ ሀስ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፖስታ አዳይ ነበር። በትንሽ እርሻው ላይ የተከለውን አንድ ችግኝ በታወቀ ዝርያ ለማዳቀል ቢሞክር ማዳቀሉ አልያዝ አለው፤ ዛፉንም ሊቆርጠው አስቦ ነበር። ሳይቆርጠው ቀረና ዛፉ በራሱ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1935 በስሙ አስመዘገበው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የሀስ አቮካዶ ሁሉ፣ ከይርጋለም የመጣው የእኛም ቀንበጥ ጭምር፣ በማዳቀል እየተወራረደ ከዚያች አንዲት ዛፍ የመጣ ነው። የመጀመሪያዋ ዛፍ የደረቀችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሀስ ራሱ ግን የፖስታ ሥራውን አልተወም ነበር።

ታሪኩ አጽናናቸው፤ ማጽናናት ብቻ ግን 41 ችግኝ አይመልስም። ስለዚህ የደረቁትን አንድ በአንድ ፈትተን አየን። በ17ቱ ላይ ሽፋኑ አልገጠመም። ቀሪዎቹ በትክክል ተገጥመው የደረቁ ናቸው፤ የዚህም ምክንያት ተገኘ። ቀንበጡ በዋዜማው ማታ ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ሳይራገፍ፣ በደረቅ ፌስታል ተጠቅልሎ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አድሮ ነበር። በተጨማሪም ጥላው ሳስቶ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላስቲኩን ያግለው ነበር። 17ቱ የእጅ ጥፋት፣ 24ቱ የዝግጅት ጥፋት ናቸው፤ «አልተፈጠርንም» የሚል መዝገብ የሚከፈትበት አንድም ችግኝ አልተገኘም። ይህን ቆጠራ ሁሉም በየደብተሩ ገልብጦ ጻፈ።

ግንቦት 2

110 ችግኝ አዳቀልን። ሁለት ልጆች በሌሊት ይርጋለም ደርሰው ቀንበጡን ጠዋት አስቆርጠው፣ ቅጠሉን እዚያው አራግፈው፣ በረጠበ ጋዜጣና ጨርቅ ጠቅልለው ከምሳ በፊት ተመለሱ። ቢላዋው ከአንድ ችግኝ ወደ ሌላው ሲያልፍ በአልኮል ይጠረጋል። ጥላው በእጥፍ ተደረገ። የዚህን ዙር ግብ እኔ ሳልጠየቅ ራሳቸው ወሰኑ፦ ከ110 ውስጥ 60። ካለፈው የተሻለ፣ ከምኞት ያነሰ ቁጥር ነው፤ ምን አይታችሁ መረጣችሁት ስላቸው ቆጠራውን አሳዩኝ።

ግንቦት 30

71 ይዟል። ስፌት ላይ የነበረችው ልጅ በዚህ ዙር ካዳቀለቻቸው 20 ውስጥ 17ቱ ይዞላታል። የኤሌክትሪክ ሠልጣኙ የሲኦሲ ፈተናውን ወስዶ ውጤት እየጠበቀ ነው። ባጃጅ ነጂው ባለፉት 12 ሳምንታት ውስጥ ግቡን የሳተው በሦስቱ ነው፤ የሳተበትንም ሳምንት ሳይደብቅ በቀይ ብዕር ጽፎታል።

ሰኔ 28

ከሁለቱ ዙር በጠቅላላ 90 የተዳቀለ ችግኝ ተገኘ። እማማ 6ቱን መረጡ፤ ጠንካሮቹን ትተው ትንንሾቹን በመውሰዳቸው ልጆቹ ቢቃወሙም «የእናንተ ለገበያ ይሁን ልጆቼ፣ የኔን እኔ አሳድገዋለሁ» አሉ። 12ቱን በተራራው ግርጌ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ሰጥተን አብረን ተከልን። የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ከእነዚህ ተዳፋቶች የታጠበ አፈር ገብቶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በየችግኙ ዙሪያ ውኃ የሚይዝ ግማሽ ክብ እርከን ሠራንለት፤ የአንድ ዓመት የማጠጣት ተራም ከተማሪዎቹ ጋር በጽሑፍ ተከፋፈልን። በየክረምቱ ችግኝ የሚተክል ሰው አላጣንም፤ የሚጎድለን በጥር ውኃ የሚያመላልስ ነው።

72ቱን በሁለት ቅዳሜ ከመናኸሪያው አካባቢ ሸጥን። ገዢዎቹ በአብዛኛው ከቱላ አቅጣጫ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አንድ አባት የተዳቀለበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ «ይህን ማን ሠራው?» ብለው ጠይቀው ልጅቷ «እኔ ነኝ አባባ» ስትላቸው፣ ቀና ብለው ካዩዋት በኋላ ሁለት የነበረውን አምስት አደረጉት። በ120 ብር ሒሳብ 8,640 ብር ተሰበሰበ፤ ወጪው 1,440 ብር ተቀንሶ ለዘጠኙ 800 ብር ደረሳቸው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን ነግሬያቸዋለሁ። ሦስቱ ድርሻቸውን ለሚቀጥለው ዙር ፕላስቲክ ቱቦ መግዣ አዋጥተዋል።

ሐምሌ 5

ስፌት ላይ የነበረችውን ልጅ አንድ የግል ችግኝ ጣቢያ በአንድ ማዳቀል 10 ብር እየከፈለ ሲያሠራት ሰንብቷል። በጉዳይዋ ላይ የምጨምረው ምክር ስለሌለኝ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። በደብተሯ ላይ የቆረጠችው ቀን ሰኔ 30 ነበር፤ አልደረሰችበትም። ከችግኙ ድርሻ፣ ከማዳቀሉና በየሳምንቱ ሹሩባ ሠርታ ካስቀመጠችው 11 ቆርቆሮ ገዝታ፣ ሁለት ጓደኞቿ ባለፈው እሑድ ጣሪያው ላይ ወጥተው መትተውላታል። የተቀየረው እናቷ የሚተኙበት ወገን ነው።

ዛሬ ከሥራ በፊት ደብተሯን ከፍታ «ሰኔ 30» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ቀጥላ «ጥቅምት 30» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም ያንን ቀን ለምን እንደመረጠች፦ «የችግኝ ጣቢያው ሥራ እስከ መስከረም አለ፤ በሳምንት 40 ማዳቀል እችላለሁ።» ከሥሩ «የቀረ፦ 13» ብላ አሰመረችበትና ከጭማቂ ቤት የመጣውን አዲስ ከረጢት ፈትታ ዘሩን መቁጠር ጀመረች።